ነፃ ጋማ ጨረር፣ የ10 ደቂቃ ኳንተም፣ እና ገንዘቤን የበላው ኮርስ

መጀመሪያ ነጥቡን ልስጥና ልገላገል። የፌርሚ ጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ ነፃ የመረጃ አገልግሎት 5 ከ5። የአይቢኤም ነፃ ኳንተም ኮምፒውተር፣ መማሪያ ነው ካላችሁኝ 4፣ የጠፈር ሳይንስ መሥሪያ ነው ካላችሁኝ 1። ሁለቱን አዋህጄ አስተምራለሁ ብሎ ብሬን፣ ይቅርታ ዶላሬን፣ የተቀበለኝ የኦንላይን ኮርስ ዜሮ። ስሙን አልጠራም። ከዜሮ በታች ቢኖር እሰጠው ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ፊዚክስ ተማርኩ፣ እዚህ መጥቼ እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ መኪና ነዳሁ፣ ከዚያ ሰርቲፊኬት ለቃቅሜ አይቲ ገባሁ። ፊዚክሱ ግን ከሆዴ አልወጣም። ባለፈው ዊንተር ውጭው በረዶ ሆኖ ቤት ስውል አንድ ማስታወቂያ ስልኬን ወረሰው። ኳንተም ኮምፒውተርና ከፍተኛ ኃይል አስትሮፊዚክስ በ6 ሳምንት፣ በእውነተኛ የሳተላይት መረጃ፣ ከነሰርቲፊኬቱ። ከፈልኩ። ባለቤቴ አየት አድርጋኝ ምንም አላለችም። እሷ ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቪዲዮዎች ናቸው፣ ያውም ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚያገኛቸው ዓይነት። በሦስተኛው ሳምንት "እውነተኛው የሳተላይት መረጃ" መጣ። ከፈትኩት። አንዲት የኤክሴል ፋይል ናት። 500 መስመር ቁጥር አላት፣ ቀን የላትም፣ የሰማይ አቅጣጫ የላትም፣ የኃይል መጠን የላትም። ጠየቅኩ። ለማስተማሪያ እንዲሆን በኮምፒውተር የተፈጠረ ቁጥር ነው ተባልኩ። ታዲያ እውነተኛው የታል ስል ዝም። ገንዘቤን መልሱልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ አሁንም ዝም። የሚገርመው የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ሳልከፍታቸው ሰርቲፊኬቱ በኢሜይል መጣልኝ፣ ስሜ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ።

እልህ ያዘኝ። እውነተኛው መረጃ የት እንዳለ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር አሳቀኝም አናደደኝም፤ ለካ ሕዝብ እንዲጠቀምበት ተከፍቶ ተቀምጧል፣ ያውም በነፃ፣ ያውም የሚያስተዳድረው ቢሮ ያለው እዚሁ ግሪንቤልት በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ውስጥ፣ እኛ ሰፈር እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ በመኪና ብዙ የማይርቅ ቦታ። ጎረቤቴ ነበር ማለት ነው።

ፌርሚ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። በሰኔ 2000 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 2008፣ የተተኮሰ ሳተላይት ነው። የሚያየው በዓይናችን የምናየውን ብርሃን አይደለም፣ ጋማ ጨረርን ነው። ዓይናችን የምታየው አንድ የብርሃን ቅንጣት ወደ 2 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ኃይል መለኪያ ነው) ኃይል አላት። የፌርሚ ትልቁ መሣሪያ የሚይዛቸው ከ20 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጀምሮ ከ300 ቢሊዮን በላይ ያሉትን ነው። እንዲህ ያለውን ጨረር የምድር አየር ስለሚያስቀረው እንጦጦ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ትልቅ ቴሌስኮፕ ብትተክሉ በቀጥታ አታዩትም። ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው።

ቴሌስኮፕ ሲባል ደግሞ መስታወትና ሌንስ እንዳይመስላችሁ። ጋማ ጨረርን መስታወት አይመልሰውም፣ ይበሳዋል። ስለዚህ ተንግስተን የሚባለውን ከባድ ብረት በስሱ ደራርበው በመሃል በመሃሉ ሲሊኮን ያነጥፋሉ፣ ጨረሩ ብረቱን ሲመታ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ወደሚባሉ ሁለት ቅንጣቶች ይለወጣል፣ ሲሊኮኑ የሁለቱን ዱካ ይመዘግባል፣ ከዱካው ተነስቶ ጨረሩ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይሰላል። መላውን ሰማይ በ3 ሰዓት ገደማ አንዴ ይዞረዋል። እያንዳንዷ የተያዘች ፎቶን፣ የጨረሩ ቅንጣት ማለት ነው፣ ልክ እንደ እድር መዝገብ መቼ እንደመጣች፣ ከየት እንደመጣች፣ ምን ያህል ኃይል ይዛ እንደመጣች ተጽፎላታል። ያ መዝገብ ነው ከኦገስት 2009 ጀምሮ ለሁሉም የተከፈተው። ለእኔም፣ ለእናንተም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። አንድ ቅጽ አለ። የምትፈልጉትን ነገር ስም ወይም የሰማይ አድራሻ ትጽፋላችሁ፣ በዙሪያው ስንት ዲግሪ እንደምትፈልጉ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ከስንት እስከ ስንት ኃይል። ትልካላችሁ። ቆይቶ ፋይሉን የምታወርዱበት ሊንክ ይሰጣችኋል። አካውንት ክፈት የለ፣ ክፈል የለ።

ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ፣ ሁለቱም የራሴ ጥፋት። የመጀመሪያው፣ ቅጹ የኃይል መጠኑን በሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው የሚጠይቀው፤ እኔ በቢሊዮን መስሎኝ ከ1 እስከ 300 ብዬ ሞላሁና የመጣልኝን ነገር አይቼ ሳተላይቱ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ሳተላይቱ ደህና ነው። ሁለተኛው፣ የፎቶኑን ፋይል ሳወርድ የሳተላይቱን ፋይል ምልክት ማድረግ ረሳሁ። ይሄኛው ፋይል ሳተላይቱ በየጊዜው ወዴት ዞሮ እንደነበር የሚናገር ነው፣ ያለሱ ደግሞ ምንም አይሰላም። አንድ ቦታ ላይ 10 ፎቶን መጣ ብትሉ፣ ሳተላይቱ እዚያ ቦታ ላይ ለስንት ሰዓት እንዳፈጠጠ ካላወቃችሁ 10 ብዙ ይሁን ትንሽ በምን ታውቃላችሁ? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው ይህ የገባኝ። በዚያው የቤቴ ኢንተርኔት ተቋረጠ። የማንን ኢንተርኔት እንደምጠቀምም አልናገርም፣ ተዉት።

ለጀማሪ የምመክረው በቬላ ፑልሳር እንዲጀምር ነው። ወደ 1000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ፣ በሰከንድ 11 ጊዜ የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ነው፤ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት አዲስ አበባን በምታህል ኳስ ውስጥ ታጭቆ ማለት ነው። በጋማ ጨረር ሰማይ ላይ ሁልጊዜ ከሚበሩት ነገሮች ሁሉ ደማቁ እሱ ስለሆነ ብትሳሳቱም ታገኙታላችሁ። የአንድ ወር መረጃ አወረድኩ፣ ካርታውን ሠራሁ፣ መሃል ላይ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ። ልጄን ጠራኋት። "ይሄ ምንድነው ባባ?" አለችኝ። ነገርኳት። "ደብዛዛ ነው" ብላ ሄደች።

እውነቷን ነው፣ ደብዛዛ ነው። ይህ የአገልግሎቱ ጉድለት ሳይሆን የፊዚክሱ ጠባይ ነው። 100 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የአንዲት ፎቶን አቅጣጫ 5 ዲግሪ ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ መሆኗን አስቡት። ኃይሉ ሲጨምር ግን እየጠራ ሄዶ ከ10 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ከአንድ ዲግሪ አሥረኛ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ የሚያምር ፎቶ ፈልጋችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ የሃብል ቴሌስኮፕን ሥዕሎች እዩ። እዚህ ያለው ቆጠራ ነው። መተንተኛ ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ በመጻፍ ነው የሚሠራው፣ አይጥ ጠቅ ጠቅ የለም። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ባለ 8 ጊጋ ናት፣ ሳተላይቱ የት የት እንዳየ የሚያሰላውን ደረጃ ስትሠራ ቡና አፍልቼ፣ ቶና ጠጥቼ፣ በረካ ላይ ስደርስ ነው የጨረሰችው።

ልቤን የወሰደው ግን ትንሹ መሣሪያ ነው። ፌርሚ ላይ ሌላ 14 ጠቋሚዎች ያሉት መሣሪያ አለ፣ ሥራው ድንገት የሚፈነዳ ነገር ሲኖር መጮህ ነው። የዚህም መረጃ ክፍት ነው። እኔ የፈለግኩት የኦገስት 17 ቀን 2017ን ነበር። በእኛ አቆጣጠር ስመልሰው ነሐሴ 11 ቀን 2009 ሆነ። ፍልሰታ! ሰዓቱን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ አዞርኩት። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41። ያኔ አገር ቤት ነበርኩ፣ ከእማዬ ጋር ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ቤት የምንሄድበት ሰዓት ነው። በዚያች ደቂቃ ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት የመጣ የስበት ሞገድ፣ የጠፈሩ የራሱ መንቀጥቀጥ ማለት ነው፣ በሁላችንም ሰውነት ውስጥ አልፎ ሄዷል። አሜሪካ ያሉት የላይጎ መሣሪያዎች ያዙት። ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች፣ እንደ ቬላ ያሉ የታጨቁ የሞቱ ኮከቦች፣ ተዟዙረው ተላተሙ፣ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ የፌርሚ ትንሹ መሣሪያ የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገበ። 130 ሚሊዮን ዓመት አብረው ተጉዘው የተለያዩት በ1.7 ሰከንድ ነው። የእኛ ሠርግ ላይ እንኳ ሙሽራው ከቀጠሮው በ2 ሰዓት ነው የሚዘገየው።

ያንን ብልጭታ ራሴ አወጣሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አያስደንቅም። 2 ሰከንድ ያህል የቆየች ትንሽ ጉብታ ናት። ሰው ካላሳያችሁ አይታችሁ ታልፏታላችሁ። ግን ከዚያች ጉብታና ከስበት ሞገዱ ተነስተው ነው የዓለም ቴሌስኮፖች ሁሉ ወደዚያ ዞረው፣ ፍንዳታው እንደ ወርቅና ፕላቲነም ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች የሚፈጠሩበት ቦታ መሆኑን የሚያሳይ ብርሃን ያገኙት። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብታችሁ ግራሙ ስንት ነው ስትሉ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ ይህ አንዱ መልስ ነው። እኔ ይህችን ጉብታ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ። ባለቤቴ አሁንም ምንም አላለችም።

ድምቀት ለሚፈልግ ደግሞ ኦክቶበር 9 ቀን 2022 አለ፣ የእኛ መስከረም 29 ቀን 2015፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ17። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች ሁሉ ደማቁ። ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት መጥቶ የፌርሚን መሣሪያዎች አጥለቅልቆ ቆጠራ አሳታቸው። ይህንን ስታወርዱ መመሪያውን አንብቡ፣ መሣሪያው የተጥለቀለቀበት ጊዜ ለብቻው ተለይቶ ተጠቅሷል። እኔ ሳላነብ ገብቼ ግራፌ መሃሉ ተቆርጦ ወጣ።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምትሞክሩ፣ ፓኬጅ እንዳይበላባችሁ ዙሪያውን አጥብባችሁ፣ ቀኑን አሳጥራችሁ ጠይቁ። የፍንዳታ መረጃ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ጠቋሚ አታውርዱ፣ ወደ ፍንዳታው የዞሩት ሁለት ሦስቱ ይበቃሉ።

እስካሁን ስለ ኳንተም አንድም ቃል አልተናገርኩም አይደል? ምክንያት አለኝ። እዚህ ድረስ የሠራሁትን ሁሉ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ጨርሳዋለች።

እሺ ኳንተም። አይቢኤም በፈረንጆቹ 2016 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም የፈረንጆቹ ናቸው) ነው ባለ 5 ኪዩቢት ማሽኑን በኢንተርኔት ለሕዝብ የከፈተው። ኪዩቢት የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መያዣ ናት። ዛሬ በነፃ የሚሰጠው ከ100 በላይ ኪዩቢት ያላቸውን ማሽኖች ነው። ነፃው ግን ቁጥር አለው፦ በ28 ቀን 10 ደቂቃ። ወረፋ የምትጠብቁበት አይቆጠርም፣ ማሽኑ ለእናንተ የሠራበት ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ ትንንሽ ሙከራዎች ደግሞ የሚወስዱት ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ 10 ደቂቃ እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ በ2025 የዋጋ ሰሌዳቸው ደቂቃው 96 ዶላር ነው። በደቂቃ! እኔ ታክሲ ስነዳ 96 ዶላር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስለማውቅ ነፃዋን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ለመማር ግን እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ኪዩቢቶችን ማቆራኘት ነው። ቲዎሪው ስትለኳቸው ሁለቱም 0 ወይም ሁለቱም 1 ይሆናሉ ይላል፣ አንዱ 0 ሌላው 1 የሚሆንበት መንገድ የለም። ላፕቶፕ ላይ በሚሠራው ማስመሰያ ስትሞክሩት በትክክል እንደዚያ ይወጣል። እውነተኛው ማሽን ላይ ስትልኩት ግን መኖር የሌለባቸው ውጤቶችም ጥቂት ጥቂት እያሉ ይመጣሉ። ስህተት ነው፣ ጫጫታ ነው። የዛሬ ኳንተም ኮምፒውተሮች ሁሉ፣ የማንም ይሁኑ የማን፣ ይህ አለባቸው። ለእኔ ያቺ የተበላሸች ግራፍ ከ6 ሳምንት ኮርስ የበለጠ አስተምራኛለች፤ ፊዚክሱን በእጄ የነካሁት መሰለኝ።

ከዚያ ዋናውን ሙከራ ሠራሁ። የፍንዳታዎቹን ቆጠራ ቁራጭ ቁራጭ አድርጌ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ 4 ቁጥር አሳንሼ፣ በ4 ኪዩቢት ላይ እንደ ማዞሪያ አንግል ጫንኩት። ዓላማው ፍንዳታ ያለበትን ከሌለበት እንዲለይ ማሠልጠን ነው። ሥልጠናውን በማስመሰያው ጨርሼ ፈተናውን ብቻ እውነተኛው ማሽን ላይ ላክሁ። የመስከረም 29ኙን ፍንዳታ ለየው። ዓይነ ስውርም ይለየዋል፣ ያን የሚያህል ነገር። የነሐሴ 11ዷን ጉብታ ግን ሳታት። ከዚያ የተለመደውን መንገድ በላፕቶፔ ሞከርኩ፦ የጀርባውን ቆጠራ አማካይ ውሰድ፣ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ሲመጣ ጩኽ። ሳተላይቱ ራሱ ላይ ያለው ፕሮግራምም በመሠረቱ የሚሠራው እንደዚህ ነው። የአሥር መስመር ኮድ ናት። ኪዩቢቶቼን በለጠቻቸው፣ ያውም ዓይኔን ሳልጨፍን ጨርሳ።

ይህን ያልኩት ዘርፉ ውሸት ነው ለማለት አይደለም። የጣሊያን ተመራማሪዎች አጂሌ በሚባለው የራሳቸው ጋማ ሳተላይት መረጃ ላይ፣ በ2024 ወርዶ አየር ላይ የተቃጠለው ማለት ነው፣ ፍንዳታ የሚለይ የኳንተም ነርቭ መረብ፣ ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም ማለት ነው፣ ሞክረዋል፤ ደህና ውጤትም አግኝተዋል። እነሱ ግን ሙከራ ነው ብለው ነው ያቀረቡት፣ ሥራ ላይ ያለውን ተክተነዋል አላሉም። ኮርስ ሻጩ ነው ያንን ቆርጦ የሚቀጥለው።

ችግሩ የት እንዳለ ስቆፍር የገባኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው ኳንተም ኮምፒውተር ማለት በጣም ፈጣን ኮምፒውተር ይመስለዋል። አይደለም። አንዳንድ ዓይነት ጥያቄ ላይ ብቻ አቋራጭ ያገኛል። ለምሳሌ በ1996 የታተመው የግሮቨር ዘዴ፣ ከ1 ሚሊዮን ነገር ውስጥ አንዱን ለመፈለግ 785 ያህል እርምጃ ይበቃዋል። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ይዘው የስበት ሞገድ ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚውል በወረቀት አሳይተዋል፤ ላይጎ ከመረጃው ጋር የሚያመሳስላቸው የሞገድ ሞዴሎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሐሳቡ ልክ ነው። ግን ያ ስህተቱን ራሱ የሚያርም ትልቅ ማሽን ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ገና አልተሠራም። ሌላው፣ የእኔን የጋማ ቆጠራ ወደ ኪዩቢት ለመጫን ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ መረጃው በብዙ ሚሊዮን ፎቶን ሲሆን በመጫኑ ያጣችሁትን ጊዜ በፍጥነቱ አታካክሱትም። ከወንዝ ውሃ በጣሳ ቀድቶ በርሜል እንደመሙላት ነው፣ በርሜሉ ምን ቢያምር።

ተስፋ የማደርግበት ቦታ አለ፣ እሱም መረጃ መተንተን ላይ ሳይሆን ማስመሰል ላይ ነው። ግዙፍ ኮከብ ሲሞት ከሚወጣው ኃይል 99 ከመቶ ያህሉን የሚወስዱት ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ናቸው። መሃሉ ላይ በጣም ስለሚጨናነቁ አንዱ የሌላውን ዓይነት ይለውጣል፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይቆራኛሉ። ይህንን በተለመደው ኮምፒውተር በትክክል ማስላት አንድ ኒውትሪኖ በጨመራችሁ ቁጥር ሥራው በእጥፍ ያድጋል። ኪዩቢት ግን በተፈጥሮው እንደ እነሱ ነው የሚሆነው፤ አንድ ኒውትሪኖ፣ አንድ ኪዩቢት። በ2021 በታተመ ሥራ 4 ኒውትሪኖዎችን በአይቢኤም ማሽን ላይ አስመስለዋል። 4 ብቻ። ላፕቶፔም ትችለዋለች። ግን መንገዱ ትክክለኛው መንገድ ነው፣ ምክንያቱም የሚጫን የመረጃ ክምር የለም፣ ጥያቄው ራሱ ኳንተም ነው። ነፃዋን 10 ደቂቃ አግኝታችሁ ምን ልሞክር ካላችሁ ይህንን ሞክሩ እንጂ እንደ እኔ የፍንዳታ ቆጠራ አትጫኑ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ፣ በኮርሱ ውስጥ ያልነበረውን። እነዚህ ማሽኖች ከፍጹም ዜሮ፣ ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ነጥብ፣ በላይ በአንድ መቶኛ ዲግሪ ገደማ ብቻ እስኪሆኑ ነው የሚቀዘቅዙት፣ ከጠፈሩ ራሱ በእጅጉ ይበርዳሉ። በ2020 የኤምአይቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በዙሪያችን ያለው የተፈጥሮ ጨረር ኪዩቢትን እንደሚረብሽ አሳዩ። ቀጥሎ ጉግል በራሱ ቺፕ ላይ ሲለካ በየ10 ሰከንዱ ገደማ አንድ ነገር መጥቶ ብዙ ኪዩቢቶችን በአንዴ ጭጭ እንደሚያደርጋቸው አገኘ። ኮስሚክ ጨረር ነው። ከጠፈር የመጣ ቅንጣት አየሩን ይመታል፣ ፍንጣሪው ጣሪያውን አልፎ፣ ማቀዝቀዣውን አልፎ ቺፑን ይመታል። ስህተት ማረሚያው ዘዴ ደግሞ ስህተቶቹ ተበታትነው አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ ብሎ ነው የተሠራው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲወድቁ ግራ ይገባዋል። ለዚህ ነው ኪዩቢትን ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ወስደው እስከመሞከር የደረሱት።

እና ኮስሚክ ጨረሩ ከየት ነው የሚመጣው? ይህንን ጥያቄ ለመቶ ዓመት ሲጠይቁ ኖረው፣ በ2013 ፌርሚ ነው ግልጽ ማስረጃ ያመጣው። አይሲ 443 እና ደብልዩ 44 የሚባሉ ሁለት የፈነዱ ኮከቦች ቅሪት ላይ ፕሮቶኖች እየተወነጨፉ ዙሪያቸው ካለ ጋዝ ጋር ሲላተሙ የሚወጣውን ልዩ የጋማ ጨረር ምልክት አነበበ። ቢያንስ አንዱ ምንጭ ታወቀ። እኔም ስሙን ሳይ ቅጹን ከፍቼ የአይሲ 443ን መረጃ አዘዝኩ። በሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ የሳተላይቱን ፋይል ምልክት አድርጌ።

ማን ይሞክር? ፌርሚን ፊዚክስ የሚማር ሁሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ሁሉ። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስሠራ ይህ እንዳለ የነገረኝ ሰው ቢኖር የማላውቀውን ሰው የመመረቂያ ወረቀት ገልብጬ አልንከራተትም ነበር። ኳንተሙን ኮድ የሚወድና ውጤት የማይቸኩል ሰው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ የአይቢኤም ኳንተም ሶፍትዌር በ2024 ወደ አዲስ ዋና ሥሪት ተሸጋግሯል፣ ከዚያ በፊት የተቀረጹ የዩቲዩብ ትምህርቶች ላይ ያሉ ብዙ ትእዛዞች ዛሬ አይሠሩም፤ የተቀረጸበትን ቀን ሳታዩ አትጀምሩ። በ6 ሳምንት ሁለቱን አዋህደን እናስተምራለን የሚሏችሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፦ መረጃው የየትኛው ሳተላይት ነው፣ ከየት ነው የወረደው? ከተንተባተቡ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከ10 ደቂቃዬ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ተርፎኛል። ኪዩቢቶቹን ሁሉ 1 ላይ አቁሜ፣ ምንም ሳላሠራቸው፣ ደጋግሜ የምለካበትን ፕሮግራም ጽፌ ትናንት ማታ ላክሁ። ብዙዎቹ በአንዴ ወደ 0 የሚወድቁበትን ቅጽበት ለመያዝ ነው። ሥራው አሁን ወረፋ ላይ ነው፣ የአይሲ 443 ፋይልም እየወረደ ነው፣ ኢንተርኔቱ እስካሁን ደህና ነው።